ጠጠሩን ማን ሰማ

ወይ ሞተሩ ንጹህ ነው፣ ወይ እሱ ደንቁሯል፣ ሦስተኛ የለም፣ ቱቦው ግራ ጆሮው ውስጥ እንደ ቡሽ ተወትፏል፣ የሚሰማው ያው የሚያውቀው ጉርምርምታ ነው፣ ወፍራሙ፣ የታችኛው፣ ከሱ በላይ ግን ምንም የለም፣ ባዶ ነው፣ ባዶ ድሮ የሚያስደስተው ነገር ነበር፣ ባዶ ማለት ደህና ማለት ነበር፣ ዛሬ ባዶውን አያምነውም። ሴት ልጁ መሪውን ይዛ ከጎኑ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። አባዬ እንዴት ነው፣ ትለዋለች። ቆዪ፣ ይላታል፣ ገና ነው፣ ገና መች ነዳጁን ጫንሽው።

የዳገቱ አንደኛው መታጠፊያ አለፈ። ስድስት ይቀራል።

መኪናዋ የአዋላጇ ናት፣ ከሴትዮዋ ፀጉር ጋር አብራ ያረጀች፣ አዋላጇም እዚሁ ናት፣ ኋላ ወንበር ላይ በሁለት ከረጢት ሲሚንቶ መሃል ተጣብቃለች፣ እያንዳንዱ ከረጢት ሃምሳ ኪሎ፣ የታማሚና የአስታማሚ ክብደት እንዲሆን ብሎ ራሱ ነው የጫነው፣ እሷ ግን ገና ከጋራዡ በር ሳይወጡ ነፍሰ ጡሮቼ ብላ ስም አወጣችላቸው፣ መኪናዋ ባጋደለች ቁጥር የግራውን ከረጢት በክርኗ ደገፍ እያደረገች አይዞሽ እቴ፣ ደረስን፣ ትንሽ ቻይው ትላለች፣ ልጁ ትስቃለች፣ እሱም በሌላ ቀን ቢሆን ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ዛሬ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አፉን ገጥሟል። ሞተር የሚያዳምጥ ሰው አይስቅም፣ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሥራ ላይ ነው ብለው ይተዉታል፣ መተዋቸው ነው የባሰው።

ጆሮው ነው የሚሉት። ጆሮው ዘንድ ውሰዳት፣ ጆሮው ይስማት፣ ጆሮው ካላት አለባት። አንዴ ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ ብርጭቆው አፉ ላይ እንዳለ፣ በመንገድ ያለፈች ሚኒባስ ሰምቶ የሦስተኛዋ ካንዴላ ላልታለች አለ፣ ወዳጆቹ ተወራረዱ፣ ሮጠው ሾፌሩን አስቁመው ኮፈኑን አስከፈቱት፣ ላልታለች፣ በጣት የምትፈታ ሆና ተገኘች፣ ከዚያ ወዲህ የናቱ ልጅ እንኳ በስሙ አልጠራውም። ሰው እንዲህ ያለ ስም ሲያወጡለት ደስ ይለዋል፣ ስሙን ዕድሜ ልኩን መኖር እንዳለበት የሚገባው በኋላ ነው። ምን አለ እጁ ቢሉኝ ኖሮ። እጄ እስካሁን ደህና ነው።

የቱቦው መዳብ በደንብ ታስሯል? ታስሯል፣ ጠዋት ሁለቴ አጥብቆታል፣ ዘዴው የራሱ ነው፣ ቀጭን የመዳብ ቧንቧ ጫፉን በመዶሻ ጠፍጥፎ ከሞተሩ ጎን በቡሎን ያስረዋል፣ ሌላው ጫፍ ላይ ሁለት ሜትር ተኩል የላስቲክ ቱቦ ያጠልቃል፣ ቱቦውን በዳሽቦርዱ ሥር አሹልኮ ጆሮው ላይ ይሰካል፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያወራለታል። ያወራለት ነበር።

ሁለተኛው መታጠፊያ። ልጁ ማርሽ ቀየረች፣ ለስላሳ ናት፣ እሱ ነው ያስተማራት፣ ፍሪሲዮኑን እንደ እንቁላል ርገጪው እያለ። ከኮፈኑ ሥር አዲስ ያሰሩላት ቱርቦ እየነቃ መሆን አለበት፣ ልጁ ሰሙት፣ ሲስተር፣ ፉጨቱን፣ አለች፣ አዋላጇ አዎ አለች፣ እንደ ማንቆርቆሪያ ነው። ፉጨት አለው እንዴ። ራሱን ነቀነቀ፣ አዎ ፉጨት፣ ጥሩ ፉጨት ነው አለ። ውሸታም። የምን ፉጨት።

ሥራው ግን ያምራል፣ ይህን ማንም አይክደውም፣ ይህች መኪና አየሯን በራሷ ትንፋሽ እየሳበች እንድትኖር ተደርጋ የተሠራች ናት፣ ማንም በግድ አየር ያጎርሳታል ብሎ ያሰበ የለም፣ እሱና ልጁ ግን ከተጋጨ መኪና የወጣ ጡጫ የሚያህል ቱርቦ ገዝተው ጭስ መውጫዋ ላይ አሰሩላት፣ ጭሱ አንዱን ጎማ መሳይ ክንፍ ያሽከረክራል፣ ያ ሌላውን ያሽከረክራል፣ ሌላው አየሩን ሞተሩ ውስጥ ይጠቀጥቃል፣ የዘይቱ መመለሻ በራሱ ክብደት እንዲወርድ ብለው የዘይቱን ቋት፣ ኮፓውን፣ በስተው ቧንቧ በየዱበት፣ ሦስት ቀን ፈጀ፣ አንዲት ጠብታ አያንጠባጥብም። ግፊቱ ትንሽ ነው፣ ዜሮ ነጥብ አራት ባር፣ የአንድ ባር ግማሽ እንኳ አይሞላም፣ ከዚያ በላይ ፒስተኖቹ አይችሉትም፣ ለዚህ አልተወለዱም፣ ዜሮ ነጥብ አራት ብቻ፣ ሲበዛ አይደለም፣ ሲያንስም አይደለም፣ አራት ሰው ጭና ይህን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እንድትወጣ የሚበቃ። ያ ብቻ ነው የተለመነው።

ምክንያቱም አንዷ አልደረሰችም። አዋላጇ ይህን የነገረችው አንዴ ነው፣ ጋራዡ ውስጥ ቆማ፣ የመኪናዋን ቁልፍ እያገላበጠች፣ ጤና ጣቢያው ታች ሸለቆው ውስጥ ነው፣ ሆስፒታሉ ከላይ ጫፉ ላይ፣ መሃል ላይ ይህ ዳገት፣ ሴትዮዋ ደም ይፈሳት ነበር፣ ባሏና እናቷ አብረዋት ነበሩ፣ መኪናዋ አምስተኛው መታጠፊያ ላይ አንደኛ ማርሽም አልበቃት ብሎ ቆመች፣ ባል ወርዶ ገፋ፣ እናትም ወርዳ ገፋች፣ እኔ ኋላ እጄን ሆዷ ላይ አድርጌ ነበር፣ አለች፣ እዚያው መታጠፊያ ላይ በእጄ ላይ አለቀች። ከዚያ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ይህችን መኪና ዳገት አስወጣልኝ፣ ወንድሜ፣ እንዴት እንደምታደርገው አላውቅም።

ዛሬ ከሰዓት መንታ ያረገዘች አንዲት አለች፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ ተኝታ መኪናዋን ትጠብቃለች። ዛሬ ከሰዓት። ሙከራው ካለቀ በኋላ ወዲያው። ንጹህ ነው ካለ ንጹህ ነው፣ ቁልፉን ያስረክባል፣ አዋላጇ ትሄዳለች፣ ማንም ድጋሚ አይጠይቅም።

አባዬ፣ ላብ በላብ ሆነሃል፣ መስኮቱን ልክፈተው? አትክፈቺው፣ ንፋሱ ይረብሸኛል። ምኑን ነው የሚረብሽህ፣ አንተ ሰውዬ፣ ምን እየሰማህ።

የጆሮ ምርመራው ወረቀት ጋራዡ ውስጥ ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከድሮ የካንዴላ ካርቶን ሥር ነው። አራት ቦታ ታጥፏል። የመረመሩት ክፍል ግድግዳው ምንጣፍ የለበሰ ጠባብ ሳጥን ነበር፣ ውስጡ አንድ ወንበር፣ ባለሙያዋ ትንሽ ልጅ ናት፣ በጨዋ ደንብ ጋሼ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይህን ይጫኑ ብላ ቁልፍ ሰጠችው፣ በሩን ዘጋች፣ ተቀመጠ፣ ጠበቀ፣ ቁልፉን አውራ ጣቱ ሥር አድርጎ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ጠበቀ፣ መጀመሪያ ጥቂት ድምፆች መጡ፣ ተጫነ፣ ቀላል ነው አለ በልቡ፣ ከዚያ ጸጥ አለ፣ ቆይታ አደረጉ እንግዲህ አለ፣ ማሽኑን እያስተካከለች ነው አለ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ቆጠረ፣ በሩ ተከፈተ፣ ይቀጥላል አይደል፣ ብሎ ጠየቃት፣ ልጅቷ መሬት መሬቱን አየች። ጨርሰናል ጋሼ።

ጨርሰናል። ወረቀቱ ላይ መስመሩ ግራ ላይ ጥሩ ሰው ይመስላል፣ ከዚያ ቁልቁል ነው፣ እንደዚህ መንገድ፣ ከላይ ወደታች። ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ነው የሄደው አለችው፣ የወፍ፣ የስልክ፣ የሕፃን ልጅ ድምፅ። ብረትስ፣ አላት። ብረትም ጋሼ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መዶሻና ግራይንደር፣ አንድ ቀን ጆሮውን ሸፍኖ አያውቅም፣ ሲሸፍኑ የሚያያቸውን ልጆች ደግሞ ሙሽሮች እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ቀልድህን ብላ። የጋራዡ ጣሪያ ላይ ወፎቹ ቢጠፉበት ድመቷን ጠርጥሮ ነበር፣ ድመቷን ስንት ቀን በመጥረጊያ አባረራት፣ ምስኪን።

ሦስተኛው አለፈ፣ አራተኛው ረጅም ነው፣ ልጁ ገና አልጫነችውም፣ እግሯ ግማሽ ላይ ነው፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሰካችው ትንሽ የግፊት ሰዓት መርፌው ዜሮ ነጥብ ሁለት ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ቤንዚኑ እንዳያንስ የምታይበት ሌላው ሰዓት አረንጓዴ ነው፣ ሁሉም አረንጓዴ፣ የሷ ነገር ሁሉ በቁጥር ነው። የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ነበረች፣ ትምህርቷን ጨርሳ ስትመጣ ጋራዡ ውስጥ ላፕቶፕ ይዛ ገባች፣ እሱም ደስ አለው፣ ከዚያ ትንሽ ትንሽ ደስ አላለውም። ሴንሰር እንሰርበት አባዬ፣ የሞተሩን ማንኳኳት የሚሰማ፣ ከጆሮ ይልቅ፣ አለችው ባለፈው ሳምንት፣ ከጆሮ ይልቅ አለችው፣ ቃሉን በክፋት አላለችውም፣ እሱ ግን እንጀራውን የነጠቁት ያህል ነደደው፣ እኔ ቆሜ ሳለሁ የምን ሴንሰር ነው፣ ሴንሰር ሳይፈጠር በፊት ሴንሰሩ እኔ ነበርኩ፣ ስንቱን ሞተር ነው ከሞት ያወጣሁት፣ ጮኸ፣ በጣም ጮኸ፣ የሚጮኸው ሰው ደግሞ ራሱን እንኳ በደንብ እንደማይሰማ እሷ አላወቀችም። እሺ አባዬ አለች። እሺ ብላ ተወችው። ምነው ባትተወኝ።

እና ዲስትሪቢዩተሩ።

እሱን አታስብ። አሁን አታስበው።

ግን እሱው ነው ነገሩ፣ እሳቱን ለየካንዴላው የሚያድለው ክቡ ዕቃ፣ አንዱን ቡሎን ላላ አድርገህ በእጅህ ዞር ስታደርገው እሳቱ ይቀድማል ወይም ይዘገያል፣ አየር በግድ ሲገባ እሳቱ ዘግየት ማለት አለበት፣ ይህን እሷም ታውቃለች እሱም ያውቃል፣ እሷ ልክ አወጣችለት፣ አዘገየችው፣ ቦታውን እንዳይስት በነጭ የጥፍር ቀለሟ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረችበት፣ ከዚያ ወደ ቤት ሄደች። እሱ ቀረ። መኪናዋን አስነስቶ ሜዳው ላይ አንድ ዙር ነዳት፣ ቱርቦው እስኪነቃ ድረስ ልፍስፍስ አለችበት፣ የሱ እጅ ያለፈባት መኪና እንዴት ልፍስፍስ ትላለች፣ ልጄ ፈሪ ናት፣ ወረቀት ያስተማራት ፍርሃት ነው አለ፣ ቱቦውን ጆሮው ላይ ሰካ፣ ዲስትሪቢዩተሩን በትንሹ ወደፊት አዞረ፣ አዳመጠ፣ ምንም፣ ትንሽ ጨመረ፣ ምንም፣ ንጹህ፣ እንደ ሐር፣ መኪናዋም ወዲያው ነቃ አለች፣ ደስ አለው፣ እንደ ልጅ ደስ አለው። ከዚያ የልጁን መስመር በቲነር በነከረ ጨርቅ ጠረገው። ጠርሙሷ ጠረጴዛው ላይ ነበረች፣ በራሷ ቀለም ሌላ መስመር አሰመረ። ይህን ያደረገ የትኛው ሰው ነው፣ ልጁ እንዳታውቅበት በልጁ የጥፍር ቀለም የሚሰርቅ ሽማግሌ፣ እጁ አልተንቀጠቀጠም እኮ፣ መስመሩ ከሷ ይልቅ ቀጥ ያለ ነው።

ምንም ያልሰማው ምንም ስላልነበረ ነው? ወይስ።

ሜዳ ሜዳ ነው። ዳገት ሌላ ነው። ዳገት ላይ ጭነት አለ፣ ግፊት አለ፣ ሙቀት አለ፣ ቤንዚኑ ተራውን መጠበቅ ሲያቅተው ያለ ሰዓቱ ይፈነዳል፣ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ግንባሩን ይመታዋል፣ ያኔ ነው ያ የማንኳኳት ድምፅ የሚመጣው፣ ቀጭን ነው፣ ደረቅ ነው፣ ጠጠር ቆርቆሮ ላይ እንደ መበተን፣ ሰምቶ እግሩን ያነሳ ሰው ሞተሩን ያተርፋል፣ ያልሰማ ሰው አንድ ደቂቃ ይነዳል፣ ሁለት ደቂቃ ይነዳል፣ ከዚያ ፒስተኑ ይበሳል፣ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ዝም። መታጠፊያ ላይ ዝም። ከሰዓት ደግሞ ኋላ ወንበር ላይ ሲሚንቶ አይደለም የሚኖረው።

አራተኛው አለቀ። ሲስተር ቀልዷን አቁማለች፣ በመስታወቱ ያያታል፣ አምስተኛው እየመጣ ነው፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች፣ መዳፏ ወደ ላይ ተዘርግቷል፣ ምናልባት ራሷም አላወቀችውም።

እነዚያን እጆች ያውቃቸዋል። ይህችን መሪ የያዘችውን ልጅ ተቀብለዋል። ሚስቱ ስምንተኛ ወሯ ላይ ሆና ልጁ አልተንቀሳቀሰም ብላ ተጨንቃ ሄደው ነበር፣ ሲስተር ያን ጊዜ ገና ወጣት ናት፣ የፅንስ ልብ የምታዳምጥበትን የእንጨት ጥሩንባዋን የሚስቱ ሆድ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ብዙ ቆየች፣ በጣም ብዙ ቆየች፣ ከዚያ ፈገግ አለች፣ ና አንተ ጆሮው የሚሉህ፣ እስቲ አንተም ስማ፣ ብላ ጥሩንባውን ሰጠችው። ተቀበለ፣ ጎንበስ አለ፣ አዳመጠ። ምንም። የራሱ ደም ጆሮው ውስጥ ሲጋልብ ብቻ፣ ሚስቱ ደግሞ ታየዋለች፣ ሰማኸው? ትለዋለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ሰማሁት አለ፣ እንዴት አልሰማውም፣ እንደ ናፍጣ ሞተር ነው የሚመታው፣ ጠንካራ ነው አለ። ሁሉም ሳቁ። ያን ጊዜ እኮ ጆሮው ደህና ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ይህችን ውሸት ይዟት ዞረ፣ ለሚስቱም አልነገራት፣ ትንሽ ውሸት ናት፣ ማንንም አልጎዳችም፣ ልጅቷም በሰላም ተወለደች፣ ይኸው ማርሽ ትቀይራለች።

አባዬ፣ አምስተኛው ነው፣ ልጫነው?

አትጫኚው በላት። ተመለሺ በላት። ትንሽ ይቀረዋል፣ ዛሬ አይሆንም፣ ነገ በላት፣ ምክንያት አታጣም፣ ዘይት ሸተተኝ በል። ከሰዓት መንታዎቹስ። በአሮጌው ጉልበቷ አንደኛ ማርሽ ላይ እየተንፏቀቀች ትሂድ? ወይስ ጫኚው፣ ንጹህ ነው፣ ምናልባት ንጹህ ነው፣ ለምን ንጹህ አይሆንም፣ ሠላሳ ዓመት ተሳስተህ ታውቃለህ?

ጫኚው።

ጫነችው። ወንበሩ ጀርባውን ገፋው፣ አሮጊቷ መኪና ሁለት ከረጢት ሲሚንቶና ሦስት ሰው ተሸክማ ዳገቱን እንደ ሜዳ ያዘችው፣ አቤት፣ እውነትም ትወጣለች፣ በሁለተኛ ማርሽ ትወጣለች፣ መርፌው ዜሮ ነጥብ ሦስት፣ ሦስት ተኩል፣ አራት፣ እዚያው ቆመ፣ ልጁ ሳቀች፣ በደስታ ሳቀች፣ አዋላጇ ወይኔ ጉዴ ወይኔ ጉዴ ትላለች፣ ቱቦው ውስጥ ጉርምርምታው ወፈረ፣ ከሱ በላይ ባዶ፣ ባዶ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ስማ፣ ስማ እንጂ፣ አንዲት ጠጠር፣ አንዲት ብቻ፣ ካለች ትምጣ፣ ከሌለችም የሌለች ትሁን፣ ባዶ ግን አትሁንብኝ፣ ንጹህ ነው አባዬ? ልጁ ጠየቀች፣ ንጹህ ነው? አፉ ተከፈተ፣ ቃሉ ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ሠላሳ ዓመት ያለው ቃል፣ በራሱ የሚወጣ። በመስታወቱ የአዋላጇን እጆች አየ። አሁንም እንደተዘረጉ ናቸው።

ሲስተር፣ ይህን ያዢልኝ።

ቱቦውን ከጆሮው ነቅሎ ወደ ኋላ ዘረጋው። ምን ላድርገው? ጆሮሽ ላይ አድርጊው። እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ። ስለ መኪና ተይው፣ ቶሎ በይ፣ ዝም ብለሽ ስሚ፣ ከጉርምርምታው በላይ ምን አለ?

ዓይኗን ጨፈነች። ያችኑ አጨፋፈን ናት፣ ያኔም እንዲሁ። ልጁ መንገዱን ትታ አባቷን አየችው፣ አንዴ፣ ከዚያ ተመለሰች።

ጠጠር የሚመስል ነገር፣ አለች አዋላጇ፣ ሰው ጠጠር እየበተነ ነው። በጣም ብዙ ጠጠር።

እግርሽን አንሺ! አንሺ ብዬሻለሁ!

ልጁ አነሳች።

መኪናዋ ጠርዝ ይዛ ቆመች፣ ሞተሩ ይዞራል፣ ጭስ የለም፣ ጭስ የለም፣ አልተበሳም፣ ተመስገን፣ ልጁ ሞተሩን አጠፋችው፣ ኮፈኑ ሥር ብረት ሲቀዘቅዝ ጠቅ ጠቅ ይላል ብሎ አሰበ፣ ድሮ ይሰማው ነበር፣ አሁን ጠቅ ጠቅ እያለ መሆኑን በዕውቀት ብቻ ነው የሚያውቀው። አባዬ፣ አለች ልጁ፣ ቀስ ብላ፣ ቱቦውን ለምን ለሳቸው ሰጠሃቸው? አሁን ካልነገርካት መቼም አትነግራትም። ጆሮዬ ሄዷል አለ። ቀጫጭኑን አልሰማም፣ ከሰባት ወር በፊት ነው የነገሩኝ፣ ወረቀቱ የካንዴላው ካርቶን ሥር ነው። ሌላም አለ። ዲስትሪቢዩተሩን ነክቼዋለሁ፣ መስመሩ ያንቺ አይደለም፣ ያንቺን ጠርጌዋለሁ፣ በቀለምሽ።

እንድትጮህበት ጠበቀ። እንደሱ ብትጮህ ምን አለበት፣ ተገቢው ነው፣ እሷ ግን ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች፣ ቁልፍ አመጣች፣ ከኮፈኑ ኋላ ፊቷ አይታይም፣ ክርኗ ብቻ ሲንቀሳቀስ ያየዋል፣ ወርዶ አጠገቧ ቆመ፣ መስመሩን እያየች ነው፣ ከንፈሯን ነክሳዋለች። የኔን መስመር ቦታ ታስታውሰዋለህ? አስታውሰዋለሁ፣ በሚሊ አስታውሰዋለሁ። አሳየኝ። በጣቱ አሳያት፣ ዲስትሪቢዩተሩን ወደዚያ መለሰችው፣ ቡሎኑን እሱ አጠበቀው፣ እጁ አሁንም ደህና ነው። ከዚያ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ሴንሰሩን እናስራለን አለች፣ ጥያቄ አልነበረም፣ እናስራለን አላት፣ ደግሞ ሐኪሙ ዘንድ አብረን እንሄዳለን አለች፣ እሺ አላት፣ እናቴ ታውቃለች? ሬዲዮውን እሷ ትቀንሳለች እኔ እጨምራለሁ፣ ምን የማታውቀው አለ። ልጁ ሳትፈልግ ሳቅ አመለጣት፣ ወዲያው ተመልሳ ተቆጣች፣ እንባ ያቀረረውን ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፣ አንተ ንዳ፣ እኔ እሰማለሁ።

መሪውን ያዘ። ከአምስተኛው መታጠፊያ ወደኋላ ወርደው እንደገና ጀመሩት፣ ቦታው ያው፣ ጭነቱ ያው፣ እግሩን ቀስ ብሎ ጫነ፣ መርፌው ወጣ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ መኪናዋ ትንሽ ዘግየት አለች፣ ያችው ልፍስፍስ ያላት ነገር፣ አሁን አልከፋውም፣ ትዘግይ፣ አራት ላይ ቆመ፣ ዳገቱን ያዘችው። እንዴት ነው? አለ። ቆይ፣ አለችው። ቱቦውን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን ጨፍናለች፣ አንገቷ እንደሱ ነው የዘመመው፣ ማን አስተማራት፣ አምስተኛው አለፈ፣ እየገፋ ነው፣ ላቡ አንገቱ ሥር ይወርዳል፣ ለራሱ ሲያዳምጥ እንዲህ አልፈራም፣ እንዴት ነው ብዬሽ እኮ ነው፣ ቆይ አልኩህ እኮ አባዬ፣ ስድስተኛው አለፈ። ንጹህ ነው፣ አለች። እርግጠኛ ነሽ? ንጹህ ነው፣ ጉርምርምታውና ፉጨቱ ብቻ ነው። ሲስተርም ትስማው፣ አለ። ቱቦው ወደ ኋላ ተላለፈ። አዋላጇ ጊዜዋን ወሰደች፣ እሷ መቼም ጊዜዋን ትወስዳለች። ጠጠሩ የለም፣ አለች።

የሆስፒታሉ ግንብ ከላይ ብቅ አለ። እግሩን አላነሳም። አዋላጇ በሁለቱ ሲሚንቶዎች መሃል ወደፊት ሰገገች፣ ቱቦውን እንዳንጠለጠለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እንደማይሰማ አሁን አውቃለችና ከፍ አድርጋ ተናገረችው። ያን ቀንም እኮ አልሰማህም ነበር።

የትኛውን ቀን?

ይቺ ልጅ ሆድ ውስጥ ሆና። እንደ ናፍጣ ሞተር ነው ያልክ ቀን። ጥሩንባዬን ገልብጠህ ነበር የያዝከው፣ ሰፊውን አፍ ጆሮህ ላይ ደቅነህ።

ልጁ አፏን በእጇ ያዘች። እሱ መንገዱን ያያል፣ ፊቱ እስከ አንገቱ ጋለ፣ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስታየው፣ በየመንገዱ ሰላም ስትለው፣ ጆሮው እያለች ስትጠራው። ታዲያ አውቀሽ ለምን ዝም አልሽኝ?

ምን ቸገረኝ፣ አለች፣ እኔ ሰምቼው ነበር እኮ።

ሰባተኛው መታጠፊያ ላይ ማርሽ መቀየር አላስፈለገውም። ልጁ ቱቦውን ከሲስተር ተቀብላ መልሳ ጆሮዋ ላይ ሰክታዋለች፣ እሱም እንዴት ነው ብሎ አልጠየቀም፣ ጠጠር ካለ ትነግረዋለች።